መስታወቱ አልተበላሸም ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለልጆቼም፣ ለንስሐ አባቴም። ሦስት ጊዜ መጻፍ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ግን ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው ሁሉ «እንዳንቺ ባሏን የቻለች የለችም» ሲለኝ መስማት አንገፍግፎኛል። እኔ ነኝ ቻይ? እኔ?

ባሌ ታደሰ የባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛ ነበር። ባለቀለበቷን ፕላኔት ሳተርንን የሚያሳይ ቴሌስኮፕ በገዛ እጁ ሠራ። ሁለት ዓመት ሙሉ በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ መስታወቱን ሲሞርድ፣ ብናኙ ከሽሮዬ ተቀላቀለ። ዝናቡ አባርቶ ጥቅምት ሲገባ ደግሞ እንደ እሱ ሰማይ ማየት የሚወዱ ጓደኞቹ ከከተማው መብራት ርቀው ቢዮ አዋሌ ይሰበሰባሉ። በየዓመቱ! እኔም ሳምቡሳና ቴርሞስ ተሸክሜ እከተላለሁ።

አምና ጥቅምት፣ ከጓደኞቹ አንዱ የሆነው ሾፌሩ አብዲ በአይሱዙው አስቀድሞ እኛን አደረሰን።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይህን መድፍህን ኬላ ላይ ፈታሾቹ አለማየታቸው! ወላሂ፣ አንድ ላይ ነበር የምንታሰረው» እያለ እየሳቀ ሌሎቹን ሊያመጣ ተመለሰ።

ድንግዝግዝ ሲል ታደሰ ቴሌስኮፑን አነጣጥሮ ብዙ ቆየ። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ነበር፤ ይህን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

«ጽጌ፣ ደበዘዘብኝ። ዓይኔ ይሁን መስታወቱ አላወቅኩም። እስቲ አንቺ እዪልኝ፤ ቀለበቱ አለ?»

አየሁ። ቢጫ ጠብታ፣ ዙሪያዋን ቀለበት፣ ጥርት ብላ ተንጠልጥላለች። ጉልበቴን ያመኝ ነበር። ትንኙ ይበላኝ ነበር። ያ የዘላለም «እስቲ እዪልኝ» ሰልችቶኝ ነበር።

«ምንም የለም» አልኩት። «ጨለማ ነው። አብዲ ሲመጣ እንሂድ።»

እኔ የፈለግኩት ቶሎ ቤቴ መግባት ነበር። እሱ ግን አመነኝ። ለምን አመነኝ? አንድ ጊዜ እንኳ «ደግመሽ እዪ» ቢለኝ ምን ነበረበት?

«እንግዲያው መስታወቱ ነው» አለ። «ሌላ የምሞርድበት ክንድ ደግሞ የለኝም።»

ሰዎቹ ሳይደርሱ ፈታትቶ በብርድ ልብስ ጠቀለለው። ሲመጡም «ተበላሽቶብኝ ነው፣ ይቅርታ» አላቸው። ይቅርታ የጠየቀው እሱ! እኔ ሳምቡሳ አደልኩ።

ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ ሰማይ አላየም። ሲመሽ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል። እኔም ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ዘጠኝ ወር ሄደ። «አይቼዋለሁ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሰው በዘጠኝ ወር አንዲት ቃል ያጣል? አጣሁ። ሐምሌ ላይ ሞተ።

ሰሞኑን አብዲ መጣ። «እትዬ ጽጌ፣ ጥቅምት ገባ እኮ። መስታወቱ ቢበላሽም የቴሌስኮፑን ቱቦ ለመታሰቢያ እዚያው እናቆመዋለን፣ ይዘሽው ነይ» አለኝ። እሺ አልኩት። መስታወቱንም አብሬ እወስዳለሁ። አብዲ መግጠሙንም ማነጣጠሩንም ያውቃል። ቀለበቱን ሲያይ «ተበላሽቷል ያለው ማነው?» ብሎ መጮሁ አይቀርም።

ያን ጊዜ በሁሉም ፊት «እኔ ነኝ» እላለሁ። ጉልበቴንም ትንኙንም አላነሣም።