አሥር ከአሥር ያገኘሁበት ዐረፍተ ነገር

የሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ደብተሬ እስከ ዛሬ አለ። መሐሉ ላይ አንድ ቅጠል ወረቀት ተገንጥሏል፤ ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሥር ከአሥር ተጽፏል። ዐረፍተ ነገሩን ግን እኔ አልጻፍኩትም።

ያኔ አሰብ ነበርን፤ አባቴ የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሺያን ነበር። በዚያ ሙቀት መስኮት ዘግቶ የሚውል ሰው የለም፤ ታላቅ ወንድሜ ሳሙኤል ለብሔራዊ ውትድርና ተፈልጎ ከጠፋ ወዲህ ግን የኛ ተዘጋ። አባባ ለጠየቀው ሁሉ፣ ለሕክምና በአውሮፕላን አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ሄዷል ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ሻንጣው አልጋ ስር ነው፤ እማማም የጀልባ ሞተር በሰማች ቁጥር እጇ ሥራ ይፈታል።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ቲቸር ደምሰው ነበር። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ከፊት ስለሚቀመጥ ጆሮ ጠቢ ነው ይባላል፤ በደጃችን ሲያልፍ ወሬ ይቆማል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ፕሎዚብል» የሚል ቃል ጻፈ።

«እውነት ነው ማለት አይደለም» አለን። «እውነት ይመስላል፣ ያስኬዳል ማለት ነው። ለወሬና ለምክንያት እንጂ ለሰው አትሉትም።»

ዐረፍተ ነገር ሠርታችሁ አምጡ ሲለን፣ እኔ ሞኟ ቃሉ ሙገሳ መስሎኝ፣ ወንድሜ አዲስ አበባ ሄደ የሚለው የአባቴ ወሬ ፕሎዚብል ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ።

በማግስቱ ከክፍል በኋላ አስቀረኝ። ዐረፍተ ነገሬ ያለበትን ቅጠል ገንጥሎ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ደብተሩን መለሰልኝ።

«ሳሙኤልን አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘሁት እኔ ነኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለአባትሽ ንገሪው።»

አባባ ሲሰማ፣ ወጥመድ ነው አለ፤ ካልሆነ ቅጠሉን ለምን ኪሱ ከተተው? ሁለት ሳምንት ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ወንድሜን ያስያዝኩት እኔ ነኝ እያልኩ አለቀስኩ። በመጨረሻ የቀበሌ ሰዎች መጡ። ገብተው ሻንጣውን እንዳያዩ ብለን ስንጸልይ፣ መምህሩ ራሱ ሸኝቼዋለሁ ብሎ መስክሯል፣ እኛ ለማጣራት ያህል ነው ብለው ከበር ተመለሱ።

ሳሙኤል በጀልባ የመን መግባቱን የሰማነው ከዓመት በኋላ ነው። አባባ ግን መምህሩን እስከ መጨረሻው አላመነውም፤ «ለምን ብሎ?» ይል ነበር። እኔም አባቴን ፈርቼ ሳላመሰግነው፣ ቲቸር ደምሰው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ይቆጨኛል።

ደብተሩ ላይ በራሱ እጅ የጻፈልኝ ይህን ነው፦ ወንድሜ አዲስ አበባ ሄደ፣ እውነት ነው። ፕሎዚብል የሚለው ቃል የለበትም።

ዛሬ የሰማሁትን ሁሉ ወዲያው በስልኬ አጣራለሁ፤ የሚዋሸኝን ለመያዝ ደቂቃ አይፈጅብኝም። አንገቱን ሰጥቶ የሚዋሽልኝ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።