አምስት አውታር ለስድስት ጥሩምባ

በሰፈራው ዘመን፣ መኸር ገብቶ ሳለ፣ አሶሳ ውስጥ የእርሻ መሣሪያዎች ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። ቦታው የትምህርት ቤት ግቢ ነው። ትራክተሮቹ ሜዳው ላይ፣ ትናንሾቹ መሣሪያዎች ማንጎ ዛፎቹ ሥር ተደረደሩ። እኔ የተላክሁት ከምሠራበት የሰፈራ ጣቢያ፣ በእጅ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ ለጎብኚ እንዳሳይ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከወሎ የመጣሁ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራው ከባድ አልነበረም። በቆሎውን ከላይ መክተት፣ እጀታውን ማዞር፣ ፍሬው በአንድ በኩል ቆረቆንዳው በሌላ በኩል ሲወጣ ሰው እስኪደነቅ መጠበቅ ነው።

ከመፈልፈያውና ከጣቢያው የትምህርት ካሴት ሌላ አንድ ዕቃ ይዤ ነበር፤ እሱ ግን ለጎብኚ የሚታይ አልነበረም። በነጠላ የጠቀለልኩት ክራሬ ነው። ጣቢያው ትቼው እንዳልመጣ ምስጥ አለ። በዚያ አገር ምስጥ የሳጥን እግር፣ የበር መቃን፣ የመጽሐፍ ጥራዝ ብሎ አይመርጥም፤ መሬት የነካ እንጨት ትተው ከሄዱ ሲመለሱ የሚያገኙት ልብሱን ነው፣ ሰውነቱ የለም። ስለዚህ የሄድኩበት ሁሉ ይዤው እሄድ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ «የቤት ዕቃ ነው» እላለሁ። ክራር እንደምመታ በጣቢያው ቢታወቅ ኪነት ቡድን መግባቴ አይቀርም፤ ኪነት ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ የሚመታውን አይመርጥም። እኔ መምረጥ እወዳለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ አውታሮቹንም ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ እየፈታሁ የወጠርኳቸው ራሴ ነኝ። አምስት ናቸው። ጆሮዬ ጥሩ ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ዓይኑ ጥሩ የሆነ ሰው ሩቅ አያለሁ እንደሚለው ያህል ነው።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ከፊት ለፊቴ ያለው የውሃ ፓምፕ እየሠራ ሳለ የሞተሩ ድምፅ ወረደ። የወረደው በጣም ትንሽ ነው። መፈልፈያውን ከበው ከቆሙት ሰዎች አንድም ልብ ያለ አልነበረም። ቀና ስል ግን በፓምፑ ማዶ የቆመ አንድ ሰው ልክ እንደ እኔ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሯል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ሰማህ?» አለኝ።

«ሰማሁ።»

ሞተሩን አጥፍቶ ጎንበስ አለና ቺንጋውን ነካ ነካ አደረገ። ላልቶ ኖሯል። ጠበቅ አድርጎ እንደገና ሲያስነሳው ድምፁ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«አሁንስ?»

«አሁን ልክ ነው።»

«ልክ ነው» አለና ሳቀ።

ሰውየው ፓምፑን የሚያሳይ ሞተረኛ ነበር። በዕድሜ አባቴን ያህላል፤ ከነጭ ጀለቢያው ላይ የሥራ ካፖርት ደርቧል። የበርታ ሰው ነው፤ መንደሩ ከባምባሲ መንገድ ገባ ብላ ያለች ናት። አማርኛን የለመደው ከሾፌሮችና ከገበያ ስለነበረ ለእሱ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው። አላረምኩትም። እኔ በእሱ ቋንቋ ሰላምታ ስሞክር እሱም ከመሳቅ በቀር አላረመኝም።

ጥላ ፍለጋ ወደ እኔ ዛፍ መጣ።

«ሞተር ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እንዴት ሰማህ?»

ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ለእሱ ለምን እንደነገርኩት አሁንም አይገባኝም። «ክራር እመታለሁ» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እኔ ጥሩምባ እነፋለሁ። የቅል» አለ እሱ፣ ድምፁን ምንም ሳይቀንስ።

እነሱ ዋዛ የሚሉት ነው። ቅሎች አንዱ በሌላው አፍ እየገቡ ተያይዘው ረጅም ጥሩምባ ይሆናሉ። እንደነገረኝ ከሆነ አንዱ ጥሩምባ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዋናዎቹ ስድስት ናቸው፤ ስድስት ሰው በየተራው፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሲነፋ ነው ዜማ የሚወጣው። ብቻውን ዜማ የሚነፋ ሰው የለም። ስድስቱም ጥሩምባዎች አሉ። ሰዎቹ ግን የሉም። ሁለቱ ሞተዋል፣ ሁለቱ ወደ ሱዳን ተሻግረዋል፣ አንዱ ጥርሱ ረግፎ መንፋት ትቷል። የቀረው እሱ ነው።

«ወጣቶች የሉም?» አልኩት።

«አሉ። ለአንዱም ለአንዱም የየራሱን አስተማርኩ። ለየብቻ ያውቃሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ እንደ ፍየል ነው፤ ሁሉም ወደፈለገው ይሮጣል። ሙሉውን ሰምተው አያውቁም። ያልሰማ ሰው የት እንደሚገባ በምን ያውቃል? እኔ ከሞትኩ አለቀ።»

እህል አለቀ እንደሚባል ነው የተናገረው። ከዚያም በጭንቅላቱ ወደ ጎረቤቴ ድንኳን አመለከተኝ። እዚያ ቴፕ ሪከርደር ነበር። ትናንት ማሽኑ የሰው ድምፅ ሲይዝ አይቶ የራሱን ጥሩምባ ከተሰቀለበት ጣሪያ አውርዶ ይዞ መጥቷል።

የቴፑ ሰው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጢሙን በጥንቃቄ የሚከረክም፣ ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ ነበር። ሞተረኛው ተራውን ጠብቆ ጥሩምባውን አነሳና ነፋ። አንድ ወፍራም ድምፅ፤ ከዚያ ዝምታ። እንደገና ያው ድምፅ፤ ከዚያ ዝምታ። እንዲህ እያለ ጥቂት ቆየና አቆመ። የቴፑ ሰው ካሴቱን አጠንጥኖ መልሶ አሰማ።

«አባባ፣ ይሄ ዜማ ነው ወይስ መኪና መንገድ ልቀቁ እያለን ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ከዛፌ ሥር ሆኜ እግሩን ሳየው ነበር። በሚነፋበትም ዝም በሚልበትም ጊዜ እግሩ መሬቱን እኩል ይመታ ነበር። በሁለት ንፊት መካከል አምስት ምት ቆጠርኩ። በድጋሚ ቆጠርኩ፤ አምስት ነው።

ሳቁ ምንም አላደረገውም። ተመልሶ ሲመጣ ያስከፋው ሌላ ነገር ነበር።

«እኔ ስነፋ የሁሉም ድምፅ ይሰማኛል፣ የስድስታችንም» አለኝ። «እሱ የያዘው እኔን ብቻ ነው። ብቻዬን መሆኔን ዛሬ ሰማሁ።»

የማጽናናት ልማድ የለኝም። «አምስት ባዶ ቦታ አለ፤ እኔ ደግሞ አምስት አውታር አለኝ» አልኩት። «በምሳ ሰዓት ይምጡ። ሌሎቹን በአፍዎ ያሰሙኛል።»

በምሳ ሰዓት ሞተሮቹ ጠፍተው፣ ሰውም ተበትኖ ግቢው ጸጥ አለ። ክራሩን ከነጠላው አወጣሁ። ሞተረኛው ዙሪያውን ዞሮ አየው፤ ከታች የተገጠመውን ሳህን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«አምስት ሰው አንድ ሳህን ላይ ተቀመጠ» አለ። «ጠግበው ይበሉ ይሆን?»

የእያንዳንዱን ጥሩምባ ድምፅ በአፉ እያሰማኝ አውታሮቹን ቃኘሁ። አራቱ ብዙ አላስቸገሩም። ሦስተኛው እኔ በማውቃቸው ቅኝቶች ሁሉ አውታር በማላቆምበት ቦታ ላይ ነበር። «ጨምር» ይለኛል፤ እጨምራለሁ። «ትንሽ ጨምር።» ሽቦው ሊበጠስ የደረሰ መሰለኝ፤ ትርፍ ሽቦ ደግሞ አልነበረኝም። «በቃ፣ እሱ ነው!» አለ። አልተበጠሰም።

እየተለማመድን ሳለ ግምጃ ቤቴ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ትልቁ ሾላ ካለበት?»

«ሾላው ተቆርጧል። ግን እዚያው ነው።»

«እዚያ ነበር የምንነፋው» አለ።

እጄን ወደ አውታሮቹ መለስኩ። «ከመጀመሪያው እንሂድ» አልኩት፤ ከመጀመሪያው ሄድን።

የቴፑ ሰው ከምሳ ሲመለስ ካሴት ይዤ ጠበቅኩት። ጣቢያችን በቆሎን በመስመር ስለመዝራት ለገበሬዎች የሚያሰማው ትምህርት የተቀዳበት ነው።

«ጓድ፣ ይሄ የመንግሥት ካሴት ነው» አለኝ።

«ጀርባው ባዶ ነው» አልኩት።

ክራሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ጢሙን ዳሰሰ፣ ማሽኑን ከፈተ። ጎብኚዎች መመለስ ጀምረው ስለነበር የመታሁት ሰው ፊት ነው። የመጀመሪያውን ሙከራ አንድ ትራክተር ተነስቶ አበላሸው። ሁለተኛውን ራሱ ሞተረኛው አቋረጠው።

«አታስጊጥ» አለኝ። ሳላስበው ጫፉ ላይ ትንሽ ጨምሬ ነበር። «አንድ ሰው ካጌጠ ሌላው ይወድቃል። ተራህን ንገርና ዝም በል።»

ሦስተኛው ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አምስቱን እኔ ስል፣ ስድስተኛውን እሱ በጥሩምባው ሲዘጋ፣ እኔም እንደማንኛውም ሰው ዜማው ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ካሴቱ መልሶ ሲያሰማ ሞተረኛው ቁጢጥ ብሎ መሬት መሬት እያየ አዳመጠ። አውታሩ አንድ ባለ ቁጥር አንድ የሰው ስም ይጠራል፤ ቀጣዩ ሲል ሌላ ስም። ሲጨርስ አምስቱንም ጠርቷቸው ነበር። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም። የቴፑ ሰው ካሴቱን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጣቢያ ገባ። ኃላፊያችን ክራር መምታቴ እውነት እንደሆነ ሲጠይቀኝ «አውታሩ ተበጥሷል» ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ስለ ካሴቱም፣ ለገበሬዎች ተሰጥቷል ብዬ በዕቃ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፤ ውሸት አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት መኸር ከገባ በኋላ የጣቢያችን ትራክተር ሾፌር መልእክት አመጣልኝ። «የፓምፑ ሽማግሌ ና ብሏል። ክራሩንም አምጣ ብሏል። አንቺን ነው መሰለኝ» አለ። በተጎታቹ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ።

በእነሱ ልማድ መኸር ሳይገባ ጥሩምባ ከተሰቀለበት አይወርድም። ስለዚህ ወጣቶቹ ክረምቱን በሙሉ የተማሩት በአፋቸው ነው። የገበሬ ማኅበሩ ቴፕ አለው፤ ማታ ማታ ካሴቱን ከፍተው እያንዳንዱ የራሱን አውታር እየተከተለ ሲለማመድ ከርሟል። የማኅበሩ ቴፕ ማጠንጠኛው ስለማይሠራ ወደ ጀርባው የሚደርሱት ፊተኛውን ገጽ አሰምተው ነበርና በቆሎ በመስመር መዝራትንም ሳይወዱ ተምረዋል። ሞተረኛው ይህን ሲነግረኝ አፉን ይዞ ሳቀ።

ስድስቱ ጥሩምባዎች ወረዱ። መንደሩ ተሰበሰበ፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን ለጭፈራ ተሰለፉ። አምስቱ ወጣቶችና ሞተረኛው መንፋት ጀመሩ። እንደ ፍየል አልሮጡም፤ አንዱ ሌላውን ጠብቆ ይገባል። ሁለት ዙር እንደሄዱ ግን አንድ ነገር ጆሮዬን ያዘኝ። ሦስተኛው ጥሩምባ ይቀድማል። ሁለተኛው ሳይጨርስ እላዩ ላይ ይወጣል። ሴቶቹም እግራቸውን አንስተው እዚያች ቦታ ሲደርሱ ይሳሳቱና ይቆማሉ።

ከየት እንደመጣ ወዲያው አወቅኩ። ክራር ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው አውታር የሚመቱት ጎን ለጎን ባሉ ጣቶች ነው። እጄ ልማድ ሆኖበት ሁለቱን አከታትሎ ይለቃቸዋል። ለብቻው ለሚደረድር ሰው ይህ ያምራል እንጂ አይጎዳም። በኤግዚቢሽኑ ቀን ዜማው መሙላቱ ስላስደሰተኝ አልሰማሁትም ነበር።

አረፍ ሲሉ ወደ ሞተረኛው ሄድኩ። «ሦስተኛው ይቀድማል» አልኩት።

«አውቃለሁ። ከክረምት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላረሙትም?»

«ነገርኳቸው። ‹ካሴቱ እንዲህ ነው የሚለው› አሉኝ። እኔ አርጅቻለሁ፣ ረስቻለሁ፤ ካሴት አይረሳም። ካሴቱን ነው የሚያምኑት።» ከዚያ ክራሬን አየ። «ለዚህ ነው ካሴቱን ራሱን ያስጠራሁት።»

መሀል ገብቼ ቆምኩ። ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ግን ጥፋቱ የእኔ ስለነበር አጭር አድርጌ ተናገርኩ፤ እሱ አስተረጎመ። «ካሴቱ ተሳስቷል። ካሴቱ ላይ ያሉት አምስት ሰዎች የእኔ ጣቶች ናቸው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ጉርምርምታ ሆነ። ሦስተኛውን የሚነፋው ቀጭን ረጅም ወጣት ገበሬ አንድ ነገር ተናገረና ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ።

«ምን አለ?»

«ካሴት ሴት ነው እንዴ ነው የሚለው» አለኝ ሞተረኛው።

አውታሮቹን በጥሩምባዎቹ ልክ ቃኝቼ መጀመሪያ በካሴቱ ላይ እንዳለው መታሁት። ሁሉም አወቁት፤ ክረምቱን በሙሉ የሰሙት ድምፅ ነው። ቀጥዬ ሁለተኛውን ለቅቄ፣ እጄን ከአውታሩ ላይ ፈጽሜ አንስቼ፣ ሽማግሌው በእግሩ ሲመታ ጠብቄ ሦስተኛውን መታሁ። ወጣቱ ሳቁን አቁሞ ቀረብ አለ። በጥሩምባው ሞከረ፤ ቀደመ። ደግሞ ሞከረ፤ ቀደመ። አንድ ክረምት የገባ ነገር በአንድ ጊዜ አይወጣም። ጎኑ ቆምኩና እጄን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ፤ እጄ ሲከብድ ዝም፣ እጄ ሲነሳ ንፋ። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደዞርን አላስታውስም፤ ከበላያችን የነበረው የማንጎ ዛፍ ጥላ ከእግራችን ሥር ወጥቶ የአንዱ ቤት ግድግዳ ላይ ደርሶ ነበር።

በኋላ እጄን ከትከሻው ላይ አነሳሁና ሳልመልሰው ቀረሁ። ዙሩ መጣ። አንደኛው ነፋ፣ ሁለተኛው ነፋ። ወጣቱ ጠበቀ። ከዚያ በቦታው ገባ። ሴቶቹ እዚያች ቦታ ላይ ሳይደናቀፉ አለፉ፤ አቧራው ተነሳ። ሽማግሌውን አየሁት። እሱ ግን ወደ እኔ አላየም፤ አራተኛው አልፎ አምስተኛው እየነፋ ስለነበረ ጥሩምባውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ተራውን ይጠብቅ ነበር።