በሑዳዴ የጣሉ ዶሮዎች

ሰሞኑን ደብረ ታቦር ላይ ለገበሬዎች ባዘጋጀነው ሥልጠና በየጠረጴዛው አንድ አንድ ሳህን እንጆሪ ተቀምጦ አዳራሹ በእንጆሪው ሽታ ታውዷል፤ ከረባት ያሰሩ አለቆቻችን በስንጥር እየወጉ እየበሉ፣ ዶሮና እንጆሪ ቤተሰብን እንዴት እንደሚለውጡ፣ ዶሮ ከእንጀራ ላይ በቀር ዓይተው በማያውቁ ዓይኖቻቸው ገበሬውን እያዩ ይተነትናሉ። ወይ ጉድ! አሠልጣኟ ደግሞ እኔ ነኝ።

ያ ሽታ ጋፋት አጠገብ ወዳለው የአባቴ ጓሮ ይዞኝ ሄደ። የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ የሺ፣ ዐረብ አገር ስምንት ዓመት የሰው ቤት ስታጥብ ኖራ ጉልበቷን እያመማት ስትመለስ፣ ዘመድ ሁሉ ሱቅ ትከፍታለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ አባቴን የለመነችው ወንዙ ዳር ያለችውን ድንጋያም መሬት ብቻ ነበር፤ ዶሮ አረባባታለሁ፣ እንጆሪ እተክልባታለሁ ብላ። አባቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለእሱ ሰው ማለት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ነው፤ ዶሮ የሴት የጨው መግዣ፣ እንጆሪ ከአጥር ላይ የሚለቀም የልጅ መደለያ። ሥራሽ እስከ ፋሲካ ራሱን ከቻለ መሬቱ ያንቺ ይሁን፣ ካልቻለ ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ አላት። ያ መሬት ካመለጣት ወደ ዐረብ አገር ከመመለስ ሌላ መግቢያ አልነበራትም።

ድንጋዩን ለቅማ ካብ ካበች፣ ከወንዙ ቦይ ቀደደች፣ እንጆሪዋን ተከለች፣ ከመስቀል በኋላ ሠላሳ ጫጩት አመጣች። የረሳችው ሑዳዴን ነው፤ የሰው አገር ቆይታ የጾሙን አቆጣጠር አስረስቷት ዶሮዎቹ መጣል የጀመሩት ቅበላው ባለፈ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት ሆነ። ሃምሳ አምስት ቀን እንቁላል የሚቀምስ የለም! አባቴ ደስታውን አልቻለውም፤ የእህቴ ዶሮዎችም እንደ እሷ ጾም ረስተው ነው የመጡት እያለ አገሩን አሳቀ። እኔም የአሥራ አራት ዓመት ቅል ራስ ሆኜ፣ የዶሮዎች እመቤት እያልኩ ለክፍሌ ልጆች አማኋት።

እሷ ግን የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ለማይጾሙ ሕፃናት አደለች፤ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት እንቁላል ጤፍ ውስጥ ቀብራ አቆየች። ለፋሲካ ወጥ እንቁላል የማይፈልግ ቤት የለምና። ቅዳም ሹር ዕለት አንድ የባሕር ዳር ሆቴል እንጆሪውን እንቀምሰው ብሏት በሐሙሲት በኩል በሚኒባስ ስትሄድ፣ እንቁላሉን በእንቅብ ሞልታ ለእኔ ሰጠችኝና "አደራ፣ የእኔ ልጅ" አለችኝ።

ገበያ ተቀምጬ ገና አምስት እንኳ ሳልሸጥ የክፍሌ ልጆች እየተሳሳቁ ሲመጡ አየሁ። እኔንም የዶሮዎች እመቤት እንዳይሉኝ እንቅቡን በነጠላዬ ሸፍኜ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተደበቅሁ፤ አሁን ይሄዳሉ፣ አሁን ይሄዳሉ ስል ፀሐይ አዘቀዘቀች። ብቅ ስል ሴቱ ሁሉ ገዝቶ ወጡን ሊሠራ ገብቷል።

ቤት ስመለስ አባቴ እንቅቡን ገልጦ አየና ጺሙን እየደባበሰ ፈገግ አለ። አክስቴ ማታ ባዶ የእንጆሪ ሣጥን ይዛ፣ ሆቴሉ በየሳምንቱ አምጪ ብሏት፣ ፊቷ በርቶ ገባች። እንቅቡን አየች።

"በፋሲካ ዋዜማ እንቁላል ገዢ ጠፋ?"

"ጠፋ" አልኳት።

ከነጠላዬ ላይ የወፍጮ ቤቱን ዱቄት በእጇ አራገፈችልኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ "ጋሼ፣ ያላወቅሁበት እኔ ነኝ። መሬቱን ይረከቡኝ" አለች። ቀጠሮው እስከ ፋሲካ ነውና፣ የሆቴሉን የእንጆሪ ነገርማ ማን ሊሰማት! እኔም ቆሜ ሰማሁ፤ አፌን አልከፈትኩም።

ክረምት ሲገባ ባሕር ዛፉ ተተከለ፣ እሷም ወደ ዐረብ አገር ተመለሰች። ቦዩ ተደፈነ፣ ካቡ ፈረሰ፣ ዛሬ ከዛፉ ሥር ሣር እንኳ አይበቅልም። አባቴ ያን ዛፍ እየቆረጠ እየሸጠ ዩኒቨርሲቲ አስተማረኝ፤ ገበሬውን ስለ ዶሮና እንጆሪ የማስተምርበት ዲግሪ የተገኘው ከእሷ መሬት ነው። እንደኔ ያለ ሰው ይናቅ!

ሥራ የያዝኩ ዕለት ደውዬ ነገርኳት፤ ጉልበቷን እያመማት ዛሬም የሰው ቤት ታጥባለች። ከልቧ ደስ አላት።

"ጎሽ፣ የእኔ ልጅ። ገበሬዎቹን ጫጩቱን በኅዳር ይግዙት በያቸው፤ ለፋሲካ ይደርስላቸዋል" አለችኝ።

ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።