ስፒከር ውስጥ የደበቅኳት ጫት

ባሕሩ አጠገብ ባለው ሀራሙስ ሰፈር አንድ ፈረንሳዊ ቤት ዘበኛ ነኝ። ሙሴ የምንለው ይኸው አሠሪዬ «ጫት ይዞ ያገኘሁትን ዘበኛ አባርራለሁ» ብሏል። አንድ ቀን ውሃ ሳሎን አስገብቼ ልወጣ ስል ሙሴ ከተፍ አለ። በድንጋጤ የጫት እስሬን ግድግዳው ሥር ካሉት ሁለት ስፒከሮች በአንዱ የጀርባ ቀዳዳ ወተፍኳት።

እሱም ሙዚቃ ከፈተ። ወትሮ የሁለቱ ቤዝ ሲያጓራ የባሕሩ ዓሣ ተጠራርጎ ወደ የመን ይሰደድ ነበር። ያን ቀን ግን የአንደኛው ድምፅ ጥርት አለ።

«ማን ነካው?» ብሎ ጀርባውን ዳበሰና ጫቴን መዘዛት።

ሠራተኛዋ አልማዝ በአማርኛ፣ «ሻንጣህን ላምጣልህ፣ ወንድሜ?» አለችኝ።

ሙሴ ጫቷን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ መልሶ ወተፋትና ሌላኛውን ስፒከር ጠቆመኝ።

«የዚህኛውስ የታለ?»