ክላክስ ይዤ ባትሪ ልገዛ

ዓርብ ጠዋት አባቴ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ የሞተር ሳይክሉን የሞተ ባትሪ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቁጥር የጻፈበት ቁራጭ ወረቀትም ጨመረልኝ። ከዚያ ሐሙስ ማታ እሱ እየነገረኝ እኔ ከሞተሩ ላይ የፈታሁትን ክላክስ አነሳ። የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የምታክል ጥቁር ክብ ነገር ናት። ሁለት ሽቦ አስሮባት፣ የሽቦዎቹን ጫፍ በጥርሱ ልጦ ነበር።

«ሱቅ ውስጥ ብልጭታ ያሳዩሻል፤ እንዳታምኚ» አለኝ። «የደከመ ባትሪም ሽቦ ሲነካው ብልጭ ይላል። አንቺ ይቺን አገናኚና አባታችን ሆይን በልብሽ ድገሚ። እስክትጨርሺ ድምፁ ካልወረደ ባትሪው ደህና ነው። መሃል ላይ ከሰለለ ግን ሌላ አምጣ በይው።»

«ሱቅ ውስጥ? ሰው እያለ?»

«ታዲያ ሰው በሌለበት ማን ይሸጥልሻል?»

ጎረቤት ይሂድልን ልለው ነበር። ግን ጎረቤቶቻችን በሙሉ በዚያ ሰዓት ፋብሪካ ናቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነን።

አባቴ ከዶሮ እርባታ እንቁላል እየጫነ ለአቃቂና ለቃሊቲ ሱቆች ያከፋፍላል። ባትሪው ሲሞት «መርገጫ አለኝ፣ ምን ቸገረኝ» ብሎ በእግሩ እየረገጠ ማስነሳት ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ አደባባይ ላይ፣ እንቁላሉን እንደጫነ ሞተሩ ጠፋበት። ከኋላው አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ነበር። ገልባጩ ክላክሱን ሲለቀው አባቴ ደነገጠና በኃይል ረገጠ። ሦስተኛው ርግጫ ላይ መርገጫው ተወርውሮ ተመለሰና ጉልበቱን መታው። ሰዎች ናቸው ከነሞተሩ ጎትተው ከአስፋልቱ ያወጡት። ወጌሻው ጉልበቱን ካሸው በኋላ መሄድ ትችላለህ፣ መርገጥ ግን የለም አለው። የእርባታው ባለቤት ደግሞ ደውሎ ቅዳሜ ካልመጣህ ሌላ ሰው አስገባለሁ ብሎታል።

ስለዚህ የቀረው በአውራ ጣት የሚጫነው ማስነሻ፣ ሴልፍ የሚሉት ነው። ሴልፍ ደግሞ ያለ ባትሪ አይሠራም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ባትሪ ማጣቱ አልነበረም። እኔ መርጬ ያመጣሁት ባትሪ ቤት ውስጥ ሠርቶ አደባባዩ ላይ ቢከዳውስ? ከኋላው ገልባጭ ቆሞ፣ መርገጥ በማይችል እግር?

እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ታክሲ ስሳፈር «ወራጅ አለ» ማለት ስለማፍር፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ እሱን ተከትዬ እወርድና ወደ ኋላ በእግሬ እመለሳለሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩት በሌላ ምክንያት ነው፤ ግን መምህር ሲጠይቀኝ መነሳት ስለቀረልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እንግዲህ እኔ ነኝ ክላክስ ይዤ የወጣሁት።

የመለዋወጫ ሱቆቹ ከመናኸሪያው ጀርባ ተደርድረዋል። ሁለት ጊዜ አልፌያቸው ሄድኩና በሦስተኛው ሰው ያነሰበት መስሎኝ አንዱ ጋ ገባሁ። ባለሱቁ በአባቴ ዕድሜ ያሉ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ የስልጤ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ጫት ሳይሆን ቆሎ ይቆረጥማሉ።

ምንም ሳልናገር ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው።

«አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሰባት አምፔር፣ ፖዘቲቩ በግራ» ብለው አነበቡ። «ማነው የጻፈው? ዶክተር ነው እንዴ?»

«አባቴ ነው።»

«አልሰማሁሽም፣ ልጄ።»

«አባቴ ነው፣ ጋሼ።»

ሦስት ባትሪ ደረደሩልኝ። አንደኛው ተለቅ ያለ ነው። «ይሄን ውሰጂ፣ ትልቅ መቼም ከትንሽ ይሻላል» አሉ። አሮጌውን ከማዳበሪያው አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት፤ አዲሱ በሁለት ጣት ይበልጠዋል፤ የሞተሩ ባትሪ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ራሴን ነቀነቅኩ። ሁለተኛው አሲድ የሚጨመርበት ነው፤ ዋጋው ቀለል ይላል፤ ግን ተሞልቶ ቻርጅ ላይ ማደር አለበት፣ ለነገ አይደርስም። ሦስተኛው ደረቅ የሚሉት ዓይነት ነው፤ አሲድ አይጨመርበትም፣ እንዳለ ይገጠማል። ቁጥሩም ልኩም ከአሮጌው ጋር አንድ ነው። ባለሱቁ ክዳኑን በጨርቅ ወልወል አድርገው ሽቦ አነሱና ሁለቱን ጫፍ ነካ አደረጉበት። ጣ ብሎ ብልጭ አለ።

«አየሽ? እሳት ነው!»

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ክላክሱን ጨብጦ ቀረ። አውጪው ይለኛል ልቤ፤ እጄ አይወጣም። በመጨረሻ አወጣሁትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ባለሱቁ ክላክሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ሳቅ ብለው ወደ ኋላ ሸሸት አሉልኝ።

አንዱን ሽቦ በግራ፣ አንዱን በቀኝ አስነካሁ። ክላክሱ ጮኸ። ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በቆርቆሮ መካከል ሲጮህ አስቡት። አላፊ አግዳሚው ቆመ። አንዲት ሴትዮ ከመንገድ ዘለው ወጡ።

«ኧረ ዞር በሉ፣ የሰርግ መኪና መጣ!» አለ አንዱ ሾፌር።

«ሙሽሪትማ ይቺውና! ሙሽራው የታለ?»

«ሞተሩን ሸጣ ክላክሷን አስቀርታ ነው!»

ፊቴ ነደደ። ዓይኔን ባትሪው ላይ ተክዬ አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ፤ ወዲያው አሜን ላይ ደርሼ ራሴን አገኘሁት። ሽቦውን አነሳሁ። ድምፁ አልወረደም። አሮጌውን ባትሪ አስረክቤ፣ ዋጋውን ቀንሰውልኝ፣ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ በሩጫ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ባትሪውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ትንሽ ተንፈስ አልኩ። አጠገቤ ነጠላ የለበሱ እናት ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ተሳለሙና አባታችን ሆይ ብለው ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ታክሲው ቆሞ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ፣ ተነሳ። እሳቸው ገና አልጨረሱም።

እኔ ሱቁ ውስጥ እንደዚህ ቆይቼ ነበር? ያልኩትን ለማስታወስ ሞከርኩ። መጀመሪያውን አስታውሳለሁ፣ አሜኑን አስታውሳለሁ። መሃሉን ግን አላልኩትም። ከሀፍረቴ ዘልዬዋለሁ። ክላክሱ የጮኸው ቢበዛ ሦስት ጊዜ እስክተነፍስ ነው።

ለአባቴ እንዳልደውል፣ ቤታችን ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እሱ ጋ ነው። ተመልሼ ምን እላቸዋለሁ? ደረሰኙን ገልጬ አየሁ፤ ከታች «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አርፎበታል። ዝም ብዬ ቤት ብሄድ ባትሪው ደህና ሊሆን ይችላል እኮ፣ አልኩ። ሊሆን ይችላል። ከዚያ ገልባጩ ታየኝ። አባቴ በአንድ እግሩ ቆሞ አውራ ጣቱን ሲጫን፣ ሲጫን።

«ወራጅ አለ» አልኩ። ማንም አልሰማኝ። ደገምኩት።

«አንተ ረዳት፣ ልጅቱ ወራጅ እያለችህ አትሰማም እንዴ?» አሉ እኚያ እናት። ጸሎታቸውን ጨርሰው ነበር።

ሱቁ ጋ ስመለስ ተዘግቷል። ባለሱቁ ጁምዓ ሄደዋል። ከሾፌሮቹ አንዱ እዚያው ጎማው ላይ ነበር። «ሙሽሪት ተመለሰች» አለና ቆየት ብሎ ሲያየኝ ፊቴ ደህና አልመሰለውም መሰለኝ፣ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና ከቆሎው ዘገነልኝ። በእጄ እንደያዝኩት ቀረ። ሰዓቱ አልሄድ አለኝ። የምናገረውን በልቤ ሠራሁት፤ አፈረስኩት፤ እንደገና ሠራሁት።

መጡ። ቁልፉን ከኪሳቸው እያወጡ አዩኝ።

«ምን ሆንሽ? አልሠራ አለ?»

የሠራሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «አልገጠምኩትም። ቅድም ስሞክረው... ጸሎቱን ቸኩዬ ነው ያልኩት።»

«የምን ጸሎት?»

ነገርኳቸው። አባቴ ያለኝን፣ መሃሉን መዝለሌን፣ አደባባዩን፣ ጉልበቱን። ይህን ያህል ለማላውቀው ሰው ተናግሬ አላውቅም። ሾፌሩ ቆሎ መቆርጠሙን አቆመ።

«እና የኔ ባትሪ ጥፋቱ ምንድን ነው? የተቻኮልሽው አንቺ!» አሉ። ከዚያ በሩን ከፈቱ። «እኔም ደንበኛ ሲጠብቀኝ ሶላቴን አሳጥራለሁ። ማታ እንቅልፍ ይነሳኛል። በይ ነይ። አሁን ግን ድምፅ አውጥተሽ በይው፣ ፍጥነትሽን እኔም ልስማ።»

ሽቦዎቹን አስነካሁና ድምፅ አውጥቼ ጀመርኩ። ክላክሱ እየጮኸ ስለነበር ማንም አልሰማኝም፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል አልኩት። መንገደኛው እንደ ቅድሙ ዞሮ ያይ ነበር፤ አላየሁትም። የዕለት እንጀራ የሚለው ጋ ስደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። ይቅር በለን ስል እንደ ታመመ ፍየል ሰለለ። ከዚያ ጭራሽ ጠጠጠ ብሎ ቆመ።

ሦስታችንም ባትሪውን አየነው።

«ክረምት ሳይገባ የመጣ ነው» አሉ ባለሱቁ። «መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ደክሟል። ቻርጅ ቢደረግ ይነሳ ይሆናል።»

«ቅድም ለምን አልነገሩኝም?»

ይህን እኔ መናገሬን ያወቅሁት ከወጣ በኋላ ነው።

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ሰበሩ። «እውነት ነው፣ መንገር ነበረብኝ።»

ከጓዳ ያልተከፈተ ካርቶን አመጡ፤ ማሸጊያውን ፊቴ ቀደዱት። ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ ቁጥር፣ አቧራ ያልነካው። ሽቦውን አስነኩና አሁን እሳቸው ራሳቸው ያዙት። «በይ» አሉኝ። ጀመርኩ። መሃሉ ላይ ድምፁ የሚወርድ መሰለኝ፤ አልወረደም። አሜን ብዬም ትንሽ አቆዩት። ሾፌሩ ጆሮውን ይዞ «ኧረ በቃ፣ ሃይማኖቴን ልቀይር ነው!» አለ።

ማታ አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያሳየኝ ባትሪውን ገጠምኩት፣ ክላክሱንም መልሼ አሰርኩት። ሴልፉን አንዴ ሲጫነው ሞተሩ ተነሳ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ሞተሩን አጠፋ።

ቅዳሜ ማለዳ ሲወጣ በር ላይ ቆሜ የሞተሩን ድምፅ ተከተልኩት። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ከባድ መኪና አለፈና ድምፁን ዋጠብኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም። ልብስ ዘፈዘፍኩ፣ ሳላጥበው ተውኩት። ሽንኩርት ከተፍኩ፣ አሳረርኩት። በበሩ ሞተር ባለፈ ቁጥር እወጣለሁ፤ የሌላ ሰው ነው።

ከምሳ በኋላ መጣ። ሞተሩን አቁሞ እያነከሰ ገባና ውኃ ጠየቀኝ። ጠጣ። እጁ ላይ አቧራ እንጂ ደም እንደሌለ አየሁ።

«አደባባዩ ላይ ጠፋብኝ» አለ።

ጣሳውን ከእጁ መቀበል አቃተኝ። «ከኋላህስ?»

«ገልባጭ ነበር።»

«ከዚያስ፣ አባዬ?»

አውራ ጣቱን አነሳና አሳየኝ። «አንድ ጊዜ ነው የነካሁት። ሰውየው ክላክስ ለማድረግ እንኳን አልደረሰም።»