ሆዴ ይከፈት ብዬ ፈርሜያለሁ

ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ዘነበች ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቃሉ ግን የኔ ነው።

ዛሬ ልጆቼን ከሐኪሙ ክፍል አስወጣኋቸው!

ወር ሙሉ "ጨጓራ ነው" ሲሉኝ ከርመው፣ ዛሬ ሐኪሙን ራሴ ብጠይቀው፣ ለካ ከልብ የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር ሆዴ ውስጥ እንደ ፊኛ አብጦ ኖሯል። ከፈነዳ አበቃልኝ።

"አባዬ፣ እንዳይደነግጡ ብለን እኮ ነው" አለ ትልቁ ልጄ።

"የሚፈነዳው የኔ፣ የምትደነግጠው አንተ! ውጣ!"

(ዘነበችም አብራ ወጥታለች። ይህንንም ጻፊ ብያታለሁ።)

ሐኪሙ ሁለት መንገድ ነገረኝ። አንዱ በብሽሽት በኩል ቱቦ አስገብቶ ያበጠውን ከውስጥ መደገፍ ነው፤ ቶሎ ያስነሳል፣ ግን ዕድሜ ልክ በየጊዜው መታየት አለበት። ሌላው ሆድ ከፍቶ፣ ባበጠው ቦታ የጨርቅ ቱቦ መስፋት ነው፤ ከባድ ነው፣ ማገገሙም ይረዝማል።

"አባባ፣ ልብዎ ሁለቱንም ይችላል፤ ምርጫው የእርስዎ ነው" አለኝ።

እኔ ጎፋ ላይ አርባ ዓመት ውኃ ቧንቧ የዘረጋሁ ሰው ነኝ። ያበጠ ቧንቧ ቆፍሬ ቀየርኩ እንጂ ደግፌ አላውቅም።

"ክፈተው ልጄ" አልኩት ሐኪሙን፤ በአውራ ጣቴም ፈረምኩ። ሰኞ እገባለሁ።

እናንተስ፣ ቤተሰብ ሕመማችሁን ደብቋችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ።

ዘነበች፣ በይ አሁን አንብቢልኝ። አንዲት ቃል እንዳትደብቂ።