አባቴ ካሜራ ፊት የቆሙ ዕለት

ያን ቅዳሜ ደብረ ታቦርን ጉም ውጧት ነበር... ከመናኸሪያው እስከ ሱቁ አባቴን በክንዳቸው ይዤ የሄድኩት መንገዱን እያየሁ ሳይሆን እየገመትኩ ነው። በሕይወቴ የመጀመሪያዬን ቪዲዮ ካሜራ ልገዛ ነው።

ለቅንጦት አልነበረም። አባቴ ፋሲካ ሲያልፍ ጣራ ገዳም ገብተው ሊመነኩሱ ቆርጠዋል። ሲመነኩሱ ደግሞ በቁማቸው ፍትሐት ይደገምላቸዋል፤ ለዓለም ሞቱ ማለት ነው። እኔ መነኩሴውን አይደለም የምፈልገው። በሬ የሚቆጡትን፣ ሲመርቁ ማቆሚያ የሌላቸውን አባቴን ነው ማስቀረት የፈለግኩት።

ሱቁ ሰርግ የሚያነሳ ሰው ሱቅ ነው። ሁለት ያገለገሉ ካሜራዎች ጠረጴዛው ላይ አወጣልኝ። አንዱ ትከሻ ላይ የሚጫን፣ ግዙፍ። ሌላዋ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ጎኗ ላይ እንደ መጽሐፍ የምትገለጥ ትንሽ መስታወት ያላት።

«እህቴ፣ ትልቁን ውሰጂ። ትልቁ ያስከብራል» አለኝ።

የኔ ልብ ግን ትንሿ ላይ ነው። አባቴን በሩ ጋ፣ ብርሃን ያለበት አቆምኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ዱላቸውን ፊታቸው ተከሉ። ባለሱቁ ካሜራዋን አስነስቶ ሰጠኝ።

መስታወቷ ውስጥ አባቴ ከጉሙ መሀል የወጡ የሕልም ሰው ይመስላሉ። አማሩኝ... ብቻ ምስሉ አይንቀሳቀስም።

«ቆማለች መሰለኝ» አልኩት።

ተቀብሎኝ አየ። በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረጋት። አጠፋት፣ መልሶ አበራት። ያው ነው። «ትናንት እኮ ደኅና ነበረች!» ብሎ ትልቁን ትከሻው ላይ ጫነና በአንድ ዓይኑ አጮለቀ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ኧረ በስመ አብ... ይኼም ቆሟል!»

ትንሿን መልሼ አየሁ። ከአባቴ ጀርባ ከጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት ዶሮ ታቅፋ ብቅ አለች፤ አልፋም ጠፋች። የቆመው ካሜራው አይደለም ለካ... አባቴ ናቸው። ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ።

«አባባ! ምነው እንዲህ ደረቁ?»

«እንዳይበላሽ ብዬ ነዋ» አሉ፣ ከንፈራቸውን ሳያነቃንቁ።

ባለሱቁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን «አባባ፣ ይኼ እኮ ፎቶ አይደለም። ቢሄዱም ቢያወሩም ይይዝዎታል» አልኳቸው።

«ቢነቃነቁም አይበላሽ?»

«አይበላሽም።»

ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ። እናቴ የሞተችው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ከሷ የቀረን አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ አባቴ ጥርት ብለው ይታያሉ፣ የሷ ፊት ግን ደብዝዟል። ፎቶው አርጅቶ ይመስለኝ ነበር።

«እርጅና አይደለም ልጄ። ፎቶ አንሺው አትነቃነቁ አለን። እኔ እንደ ግንድ ቆምሁ። እናትሽ ግን... አህያ ከኋላችን ቢያናፋ ጊዜ እንዲህ ብላ ዞረች።»

እንዲህ ሲሉ አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር አደረጉ። የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ሰብስበው፣ ትከሻቸው እየተርገፈገፈ ሳቁ። የአባቴ ሳቅ አልነበረም። እሳቸው እንዲያ ስቀው አያውቁም። እዚያች መስታወት ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ዞራ ሳቀች... እናቴን አየኋት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አየኋት። እንባዬ ወረደ፤ እጄ ግን ካሜራዋን አለቅም አለ።

«ይችን ነው የምወስደው» አልኩ።

ባለሱቁ ውስጧ የነበረውን ካሴት አውጥቶ መሳቢያው ውስጥ ወረወረው፤ አዲስ ካሴት ጨምሮ ጠቀለለልኝ። ለሙከራ የከፈታት መሰለኝ እንጂ ትቀርጽ ነበር ብዬ መች አሰብኩ! ጎኗ ላይ በርታ የነበረችው ቀይ መብራት ምን እንደምትል የነገረኝ የለም።

ቤት ስንደርስ «አባባ፣ እስቲ ያችን ነገር እንደገና» አልኳቸው።

«እሷስ መቼ ደገመችው?» ብለው እምቢ አሉ። ብለምን፣ ብለማመጥ፣ አይሆንም። በሬዎቹን ሲቆጡ አለኝ፣ ሲመርቁ አለኝ፣ በርበሬ በዛ ብለው ሲያማርሩም አለኝ። ያ ሳቅ ግን የለኝም። ፋሲካ አለፈ፤ ገዳም ገቡ።

ከወራት በኋላ ባትሪ ልገዛ ስመለስ ባለሱቁ ገና ሲያየኝ «አንቺ! አባትሽ እኮ ከሰው አጣሉኝ!» አለኝ።

ለካ ያ ካሴት የሰው ሰርግ ኖሯል። ካሜራዋን ለሙከራ የሰጠኝ ካሴቱን ውስጧ ረስቶት ነው፤ አባቴ የተቀረጹት ሰርጉ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ከሱ ተቀብለውት ቤታቸው ሄደው ሲያዩት፣ ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ልትወጣ ስትል ድንገት ጉም ይመጣል። አንድ ሽማግሌ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ያፈጥባቸዋል። ከዚያ ዞሮ ይስቃል። «የማን ወገን ነው ይኼ?» ብለው እሱም በሷ፣ እሷም በሱ ሲያሳብቡ ቆይተው መጥተው ባለሱቁን ሰድበውት ሄዱ።

«ካሴቱስ?» አልኩ።

«ይዘውት ሄዱ።»

«የት?»

«የገሳይ ሰዎች መሰሉኝ። ስማቸውን ማን ያስታውሳል?»

ገሳይ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የስንቱን ቤት የሰርግ ካሴት አየሁ መሰላችሁ! ምሳ ያበሉኝ አሉ፣ እብድ ናት ያሉኝም አሉ። የኔን ሽማግሌ ግን አጣኋቸው። ለአባቴም ገዳም ሄጄ ነግሬያቸው ነበር። «እንግዲህ እናትሽ ሰርግ ትወድ ነበር» አሉኝ።

እና እናንተ ገሳይ አካባቢ ያገባችሁ... ያ ካሴት ካላችሁ የልጅ ካርቱን እንዳትደርቡበት አደራ፤ ሳትጠራ ሰርጋችሁ ላይ የሳቀችው እናቴ ናት።